ሣህለ ሥላሴ (የሸዋ ንጉሥ)

ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ (1787 ገደማ – ጥቅምት 12 ቀን 1840 ዓ.ም.) ከ1805 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ ሸዋን የገዙ ንጉሥ ናቸው። የዳግማዊ ምኒልክ አያት ሲሆኑ፣ በልጃቸው በወይዘሮ ተናኘወርቅ በኩል ደግሞ የራስ መኮንን አያት፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቅድመ አያት ናቸው። መናገሻቸው አንኮበር ነበረች፤ በአንጎለላና በደብረ ብርሃንም ቤተ መንግሥት ነበራቸው። ስማቸው በአብዛኛው የሚነሣው ግዛት በማስፋታቸው፣ ከእንግሊዝና ከፈረንሳይ ጋር ውል በመዋዋላቸው ነው። ከአንኮበር በታች በአይራራ ወንዝ ላይ በዘመናቸው የተሠራውና ሥራ ፈትቶ የቀረው የውሃ ወፍጮ ታሪክ ግን ስለ አገዛዛቸው ከውሎቹ ያላነሰ ይናገራል።

ትውልድና ወደ ዙፋን መምጣት

የሸዋ መሳፍንት ሐረግ የሚቆጠረው ከመንዙ አጋንቻ ከተነሡት ከነጋሢ ክርስቶስ ነው። ሥርወ መንግሥቱ ከመንዝ ደጋ ተነሥቶ ወደ ደቡብና ወደ ምሥራቅ እየሰፋ መጣ። በአምኃ ኢየሱስ ዘመን አንኮበር መናገሻ ሆነች፤ የሣህለ ሥላሴ አያት አስፋ ወሰን ግዛቱን አደላደሉት። አባታቸው ወሰን ሰገድ መቀመጫቸውን ቁንዲ ላይ አድርገው ለጥቂት ዓመታት ከገዙ በኋላ በ1805 ዓ.ም. በገዛ ባሪያቸው እጅ ተገደሉ።

በዚያን ጊዜ ሣህለ ሥላሴ ገና የአሥራ ስምንት ዓመት ገደማ ወጣት ነበሩ፤ እናታቸው ወይዘሮ ዘነበወርቅ ባሉበት አካባቢ በሰላ ድንጋይ ገዳም ትምህርት ላይ ነበሩ። ዙፋኑ የሚገባው ለታላቅ ወንድማቸው ለበኩረ ነበር። እርሱ ግን መርሐቤቴ ሆኖ ሲዘገይ፣ ታናሹ በመንዝ ዘመዶቻቸው ታግዘው ቀድመው ደረሱና ሥልጣኑን ያዙ። ወንድሞቻቸው እንደ አገሩ ልማድ ጎንቾ በተባለው ምሽግ ታሰሩ። ይህ ልማድ የቤተሰብ ጦርነትን ይከለክላል ተብሎ የሚሠራበት ቢሆንም፣ ሰውን ዕድሜ ልኩን ከነሕይወቱ መቅበር ነበር።

ሣህለ ሥላሴ በልጅነታቸው በዓይን ሕመም ግራ ዓይናቸውን አጥተዋል። ያዩዋቸው ተጓዦች ሁሉ ይህን ሳይጽፉ አላለፉም።

አገዛዝ

ከእርሳቸው በፊት የነበሩት የሸዋ ገዢዎች መርዕድ አዝማች እየተባሉ ይጠሩ ነበር። ሣህለ ሥላሴ ግን ጎንደር ያሉት ነገሥታት በመሳፍንት እጅ መጫወቻ ሆነው በነበሩበት ጊዜ ራሳቸውን ንጉሥ አሉ፤ የሸዋ፣ የይፋት፣ የኦሮሞና የጉራጌ ንጉሥ ተባሉ። ሰሜኑ በዘመነ መሳፍንት ጦርነት ሲታመስ ሸዋ በአንጻሩ ጸጥ ያለች መሆኗ በዘመኑ ሰው ዘንድ የታወቀ ነበር።

ጸጥታው ግን ለሁሉም አልነበረም። ንጉሡ በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ በዙሪያቸው ባሉ የኦሮሞ አገሮች ላይ ይዘምቱ ነበር። በየዘመቻው ከብት ይነዳል፣ እህል ይቃጠላል፣ ሴትና ልጅ ይማረካል። በ1822 ዓ.ም. ገደማ አንጎለላን ከደብረ ብርሃን በስተ ምዕራብ የቆረቆሩት ለዚሁ ድንበር ቅርብ እንድትሆን ነው። ከተማረኩት ብዙዎቹ መጨረሻቸው የቤተ መንግሥቱ ማድ ቤት ነበር። ወፍጮውን የሚፈጩት እነርሱ ነበሩና ወደዚህ ነገር ኋላ እንመለስበታለን።

በምሥራቅ በኩል፣ ወደ አፋር ቆላ በሚወርደው በይፋት፣ የሚያስተዳድሩት ከጥንት የይፋት ሥልጣን ባለቤቶች ወገን የሆኑት ሙስሊሙ ወላስማ መሐመድ ነበሩ። ከታጁራ የሚመጣው የቅፍለት ንግድ የሚያልፈው በእርሳቸው ግዛት ነው። አልዩ አምባ ገበያ ላይ አርጎባው፣ አማራው፣ አፋሩና ሐረሬው ይገናኙ ነበር። ከቆላ አሞሌ ጨውና የባሕር ማዶ ዕቃ ይወጣል፤ ከደጋ ደግሞ እህል፣ ቡናና የዝሆን ጥርስ፣ ከዚያም ጋር ባሪያ ይወርዳል። ንጉሡ መንገዱን አጥብቀው ይጠብቁ ስለነበር የውጭ ሰው ያለ ፈቃዳቸው ወደ ሸዋ አይገባም፤ ከገባም ያለ ፈቃዳቸው አይወጣም ነበር።

የአንኮበር አገር

የንጉሡን አኗኗር ለመረዳት አገሩን ማወቅ ያስፈልጋል። አንኮበር የተቆረቆረችው ከፍተኛው ደጋ ድንገት አብቅቶ ወደ አፋር ሜዳ በሚናድበት ጠርዝ ላይ ነው። ከደብረ ብርሃን የሚመጣ ሰው በብርድና በጉም የተሸፈነ ሜዳ አቋርጦ ገደሉ አፋፍ ላይ ይደርሳል፤ ከዚያ ቁልቁል ሲመለከት በአንድ ቀን መንገድ ውስጥ ውርጩን፣ ደጋውን፣ ወይና ደጋውንና ቆላውን ያያል። ላይ ገብስ ይዘራል፤ ዝቅ ሲል ስንዴ፣ ባቄላና ጤፍ፤ ታች ማሽላና ጥጥ። በልግ ሲሰጥ በዓመት ሁለት ጊዜ ይታጨዳል። ስለዚህ ኮረብታው ላይ የተቀመጠ ገዢ ሁሉንም ዓይነት እህል በእጁ ደጃፍ ያገኛል። የሸዋ ነገሥታት ለረጅም ዘመን ከዚያ ጠርዝ ያልራቁበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስላል።

ዕፅዋቱም በዚሁ ልክ ይለያያሉ። በላይኛው ውርጭ አስታና ጅባራ ይበቅላል። ጅባራ ዓመታት ሙሉ ቅጠሉን ብቻ ዘርግቶ ቆይቶ፣ በመጨረሻ ከሰው ቁመት እጅግ የሚበልጥ አንድ የአበባ ግንድ አውጥቶ፣ አንዴ አብቦ የሚሞት ተክል ነው። ከዚያ ዝቅ ብሎ ኮሶ፣ ጽድ፣ ወይራና ዝግባ አለ። ከአንኮበር በስተ ሰሜን ያለው የወፍ ዋሻ ደንና የእመ ምሕረት ተራራ ከዚህ ደን የተረፉ ናቸው።

የንጉሡ አባቶች አገር በሆነው በመንዝ ደግሞ የጓሳ ሣር አለ። ጓሳ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለዝናብ መከላከያ ጌሳ ይሆናል። የመንዝ ሰዎች የአስቦና የጌራ ዘሮች ነን በሚል የአባት ሐረግ ተከፍለው፣ በቄሮ ሥርዓት ጓሳውን ለዓመታት ዘግተው ይጠብቁትና በተወሰነ ጊዜ ብቻ ከፍተው ያጭዱት ነበር፤ ጊዜው ሳይደርስ ያጨደ ከባድ ቅጣት ይጠብቀዋል። ሥርዓቱ ከሣህለ ሥላሴ በፊት የነበረ ነው፤ ከእርሳቸውም በኋላ እስከ 1967ቱ የመሬት ዐዋጅ ድረስ ዘልቋል። ዛሬ የመንዝ ጓሳ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሸፍን፣ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት የኅብረተሰብ ጥብቅ ሥፍራ ነው።

የአንኮበር ቤተ መንግሥትም የሣር ክዳን ያላቸው ቤቶች በአንድ ሹል ኮረብታ ላይ ተደርድረው፣ በአጥር በአጥር ተከበው የቆሙበት ነበር። የድንጋይ ግንብ የጠበቁ አውሮፓውያን ሲያዩት ቅር ተሰኝተዋል። ኮረብታው ራሱ ግን ከማንኛውም ግንብ የበለጠ ምሽግ ነበር።

ጎተራና ወፍጮ

የሣህለ ሥላሴ ሥልጣን የቆመው በጦር ብቻ ሳይሆን በጎተራም ነበር። ከሁዳድና ከግብር የሚገባው እህል በንጉሡ ጎተራዎች ይከማቻል። ከዚያ ለወታደሩ፣ ለካህናቱ፣ ለእጅ ሥራ ባለሙያዎቹና ለእንግዶቹ ድርጎ ይሰፈራል። በ1821 ዓ.ም. ገደማ ሸዋን ረሃብ በመታት ጊዜ ንጉሡ ጎተራቸውን ከፍተው ለሕዝቡ እህል ማደላቸው ይነገራል። ለጋስ ንጉሥ የሚለው ስማቸው በሕዝቡ ዘንድ የቆየው በዚህ ነው።

ጎተራ ውስጥ ያለ እህል ግን እንጀራ አይደለም። በመካከሉ ወፍጮ አለ። በዚያን ጊዜ ወፍጮ ማለት ጠፍጣፋ ድንጋይና መጅ ማለት ነበር። ሴት ተንበርክካ፣ በሁለት እጇ መጁን እየገፋች፣ ለአንድ ቤተሰብ የሚበቃ ዱቄት ለማውጣት ሰዓታት ትፈጃለች። በየቤቱ ይህ የእናትና የሴት ልጅ ሥራ ነበር፤ በቤተ መንግሥት ግን በየቀኑ እጅግ ብዙ ሰው ስለሚበላ ሥራው በባሪያ ሴቶች ላይ ወደቀ። ጎህ ሳይቀድ የሚጀምረው የወፍጮ ድምፅ የቤተ መንግሥት ግቢ የዘወትር ድምፅ ነበር። ግብሩ፣ ድርጎውና የንጉሡ ልግስና ሁሉ በነዚህ ሴቶች ጉልበት ያለፈ ነው።

የአይራራ ወፍጮ

ሣህለ ሥላሴ የእጅ ሥራ የሚወዱ ንጉሥ ነበሩ። በግቢያቸው አንጥረኞች፣ ብረት ሠሪዎች፣ ሸማኔዎችና አናጢዎች ይሠሩ ነበር፤ ንጉሡም ሥራውን ራሳቸው እየዞሩ ያያሉ። ጠመንጃ፣ ሰዓትና ማንኛውም መኪና ነክ ነገር ይስባቸዋል። ብረት ሠሪ ቡዳ ነው ተብሎ በሚፈራበትና በሚናቅበት አገር ባለሙያን በአጠገብ ማስቀመጥ ቀላል ነገር አልነበረም።

ወደ ሸዋ ከዘለቁት የውጭ ባለሙያዎች አንዱ ድሜጥሮስ የሚባል ሰው ነበር። አንዳንዶች ግሪካዊ ይሉታል፤ እንግሊዛዊው ሃሪስ ግን አልባኒያዊ ይለዋል። ለንጉሡ ቤቶች ሠርቶላቸዋል። በአንኮበር ሥር በሚወርደው በአይራራ ወንዝ ላይም የውሃ ወፍጮ አቆመላቸው።

የውሃ ወፍጮ አሠራሩ ቀላል ነው። ከወንዙ በላይኛው በኩል ውሃው ተጠልፎ ቦይ ውስጥ ይገባል። ቦዩ ዳገቱን ተከትሎ ዝግ ብሎ ስለሚሄድ፣ ወንዙ ወደ ታች ሲወርድ የቦዩ ውሃ ከፍ ብሎ ይቀራል። ወፍጮው ቤት ሲደርስ ውሃው በአንድ ጊዜ ቁልቁል ይለቀቅና መዘውሩን ይመታል፤ መዘውሩ ዘንጉን፣ ዘንጉ የላይኛውን ድንጋይ ያዞራል። የታችኛው ድንጋይ አይንቀሳቀስም። እህሉ ከላይ እየተንጠባጠበ በሁለቱ መካከል ይደቅቃል። እንደ አንኮበር ላለ ገደላማና ዓመቱን ሙሉ ጅረት ለማያጣ አገር የተፈጠረ መሣሪያ ይመስላል። አንድ እንዲህ ያለ ወፍጮ የብዙ ሴቶችን የቀን ሥራ ብቻውን ይሠራል።

ወፍጮው ተሠርቶ ዞረ፤ ዱቄትም አወጣ። ካህናቱ ግን ይህ የሰይጣን ሥራ ነው ብለው አወገዙት። ሥራው ቆመ። ከ1830ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ጀምሮ አንኮበርን ያዩ አውሮፓውያን የጻፉት ወፍጮው ሥራ ፈትቶ ቆሞ ስለማየታቸው ነው።

እነዚህ ጸሐፊዎች ነገሩን የካህናት አላዋቂነት ማሳያ አድርገው በፌዝ ያልፉታል። ትንሽ ጠጋ ብሎ ላየው ሰው ግን ጉዳዩ ከዚያ ይሰፋል። ቦይ ለሸዋ ሰው እንግዳ ነገር አልነበረም፤ በይፋት ቁልቁለት አርጎባና አማራ ገበሬ ምንጭና ጅረት እየጠለፈ ማሳውን ማጠጣቱ የቆየ ልማድ ነው። ለዚህም ማንም ጋኔን ነው አላለም። ያስፈራው ያለ ሰው እጅ የሚዞረው ድንጋይ ነው። የወንዝ ዳር የዛርና የጋኔን ማደሪያ ነው በሚባልበት አገር፣ ቡዳ በሚባል የባለሙያ ወገን ያውም በባዕድ እጅ ተሠርቶ፣ ውሃ ውስጥ በራሱ የሚጮህ ነገር እንዴት እንደሚታይ መገመት አያዳግትም። አዲስ መሣሪያ መጥላትም የሸዋ ብቻ አልነበረም። ሣህለ ሥላሴ ዙፋን በያዙበት ዘመን በእንግሊዝ አገር የጨርቅ ሠራተኞች እንጀራችንን ወሰደብን እያሉ መኪና በመዶሻ ይሰባብሩ ነበር። ልዩነቱ፣ በእንግሊዝ የተቃወሙት ሥራው የሚነካባቸው ሰዎች መሆናቸው ነው። በአንኮበር የፈጪዎቹን አሳብ የጠየቀ ማንም የለም፤ ተጓዦቹም አልጠየቁም።

ንጉሡስ ለምን ዝም አሉ? ሣህለ ሥላሴ ግብር የሚሰበስቡ፣ ሹም የሚሽሩ፣ በሞት የሚቀጡ ንጉሥ ነበሩ፤ የሃይማኖት ነገር ግን ከእጃቸው የሚያመልጥ ነበር። የሸዋ ካህናት በዚያ ዘመን በክርስቶስ ልደት ትምህርት ተከፋፍለው ሲከራከሩ፣ ንጉሡ ለሦስት ልደት ወገን ማድላታቸው በተለይ በመንዝ ከባድ ቅሬታ አስነሥቶባቸዋል። በእምነት ክርክር ከገዛ አባቶቻቸው አገር ጋር የተጣሉ ንጉሥ በአንድ ወፍጮ ምክንያት ሌላ ውግዘት ሊጨምሩ አልፈለጉ ይሆናል። ዱቄቱም ቢሆን ጎድሎባቸው አያውቅም፤ የሚፈጩ እጆች ነበሯቸውና።

የውጭ አገር ሰዎችና የኮሶ ጉዞ

በ1827 ዓ.ም. ፈረንሳዮቹ ኮምብና ታሚዚዬ ወደ ሸዋ መጡ። በ1831 ዓ.ም. ሚስዮናውያኑ ኢዘንበርግና ክራፕፍ ተከተሉ፤ ክራፕፍ እስከ 1834 ዓ.ም. ቆይቷል። ከዚያም በሻለቃ ዊልያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ የሚመራ የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን ከሕንድ ተልኮ መድፍና ጠመንጃ ይዞ ደረሰ። ኅዳር 8 ቀን 1834 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 16 ቀን 1841) የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈረመ። ፈረንሳዊው ሮሼ ዴሪኩርም በበኩሉ ሰኔ 1 ቀን 1835 ዓ.ም. ከንጉሡ ጋር ተመሳሳይ ውል አደረገ። ከሁለቱ ውሎች ንጉሡ የጠበቁት የጦር መሣሪያና ባለሙያ ነበር፤ ያገኙት ከጠበቁት ያነሰ ነው።

በሃሪስ ቡድን ውስጥ ዮሐንስ ሮት የሚባል የባቫርያ ተወላጅ የተፈጥሮ አጥኚና ማርቲን በርናትስ የሚባል ሠዓሊ ነበሩ። ሮት የሸዋን ዕፅዋትና እንስሳት ሰብስቧል፤ ጥናቱም በሃሪስ መጽሐፍ ላይ በአባሪነት ወጥቷል። በርናትስ አንኮበርን፣ አንጎለላንና ንጉሡን በሥዕል አስቀርቷል። የዘመኑን ሸዋ ዛሬ በዓይናችን የምናየው በአብዛኛው በእርሱ ብሩሽ ነው። በዚያው ሰሞን የፈረንሳዩ የለፌቭር ጉዞ አባል የነበረው የዕፅዋት አጥኚ ፔቲ ወደ ሸዋ መጥቶ ነበር፤ ሲመለስ ዓባይን ሲሻገር አዞ በላው። እርሱና ባልደረባው ዲዮን የሰበሰቧቸው ተክሎች አሺል ሪሻር ስለ ኢትዮጵያ ዕፅዋት ለጻፈው ትልቅ መጽሐፍ መሠረት ሆነዋል።

ከሸዋ ደጋ ተክሎች በውጭ ገበያ ስም ያገኘው ግን ኮሶ ነው። የሴቴዋ ዛፍ አበባ ደርቆ፣ ተፈጭቶ፣ በውሃ ወይም በጠላ ተበጥብጦ ይጠጣል፤ ጥሬ ሥጋ የሚበላ ሰው ሁሉ በየሁለት ወሩ ያህል ይወስደው ነበር፤ ንጉሡም ወታደሩም በዚህ እኩል ናቸው። የኮሶ ትል በአውሮፓም ያስቸግር ስለነበር መድኃኒቱን ሐኪሞች ይፈልጉት ነበር። ሮሼ ዴሪኩር ብዙ ኮሶ ወደ አውሮፓ ወስዶ በፓሪስና በለንደን እጅግ በተወደደ ዋጋ ሸጦታል። በአንኮበር ጓሮ ማንም ያለ ዋጋ የሚለቅመው አበባ ነው።

ስለ ሃሪስ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ስለ ሣህለ ሥላሴ የምናውቀው ብዙው ከእርሱ ባለ ሦስት ቅጽ መጽሐፍ የመጣ ነው፤ በዚያው ጊዜ ሸዋ የነበረው ቻርልስ ጆንስተን ግን የሃሪስን አሠራር በራሱ መጽሐፍ ነቅፏል። ሃሪስ ያጋነናል፤ ራሱንም አያሳንስም።

የመጨረሻ ዓመታት

በ1835 ዓ.ም. ሣህለ ሥላሴ በጠና ከታመሙ በኋላ በጎንቾ ታስረው የነበሩትን ሰባት የንጉሣዊ ቤተሰብ አባላት ፈቱ። ሃሪስ የፈታቸው የእርሱ ምክር መሆኑን ይናገራል። የሕመሙ ፍርሃትም የራሱ ድርሻ ሳይኖረው አይቀርም። እስረኞቹ ዕድሜያቸውን በጨለማ ያሳለፉ ሰዎች ነበሩ።

ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. ከልጃቸው ከኃይለ መለኮት በአንጎለላ የልጅ ልጅ ተወለደላቸው፤ ምኒልክ ተባለ። ሣህለ ሥላሴ ከረጅም ሕመም በኋላ በደብረ ብርሃን ጥቅምት 12 ቀን 1840 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 22 ቀን 1847) ዐረፉ። ከባለቤታቸው ከወይዘሮ በዛብሽና ከሌሎችም ብዙ ልጆች ወልደዋል፤ ኃይለ መለኮት፣ ሰይፉና ዳርጌ በሸዋ ታሪክ ስማቸው የሚነሣ ናቸው። አልጋውን ኃይለ መለኮት ወረሱ፤ ከስምንት ዓመት በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ ሸዋ ሲገቡ በዚያው ሰሞን ሞቱ፤ ምኒልክም በልጅነቱ ተማርኮ ወደ መቅደላ ተወሰደ።

ምኒልክ ከመቅደላ አምልጦ በ1857 ዓ.ም. የሸዋን ዙፋን ከያዘ በኋላ እንደ አያቱ የውጭ ባለሙያ ወደ አንኮበር ማስመጣት ቀጠለ። ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ የደረሰው በ1871 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ግን መናገሻው ወደ እንጦጦና ወደ አዲስ አበባ ሄደ፤ አንኮበርም የገበሬዎች ከተማ ሆና ቀረች። አይራራ እስከ ዛሬ ከኮረብታው ሥር ይወርዳል።